እልፍ ቁጥር ነው

እልፍ 10,000 ነው። ምልክቱ ፼ በግዕዝ አኃዝ ተርታ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ከእርሱ ወዲያ ሌላ ምልክት የለም። ከእርሱ ወዲያ ግን ቁጥር አለ፤ ፼ ራሱን እየደገመ ወደ ላይ ይወጣልና። ፳፭፼ ሃያ አምስት እልፍ ነው፤ በዛሬው አጻጻፍ 250,000። ፻፼ መቶ እልፍ ነው፤ ዛሬ አንድ ሚሊዮን የሚባለው። ፼፼ እልፍ እልፍ ሲሆን 100 ሚሊዮን ይሆናል። ፼፼፼ ላይ ሲደረስ ከ1 ቀጥሎ 12 ዜሮ ይቆጠራል፤ ጋዜጣው ትሪሊዮን የሚለው ይኸው ነው። ፼ አንድ ጊዜ ሲጻፍ አራት ዜሮ፣ ሁለት ጊዜ ስምንት ዜሮ፣ ሦስት ጊዜ 12 ዜሮ። ሥርዓቱ ይህን ያህል ቀላል ነው።

በትምህርት ቤት፣ በጋዜጣ ክፍልና በመሥሪያ ቤት የሚሰማው አስተያየት ግን ሌላ ነው። አማርኛ ከሺ በላይ የራሱ የቁጥር ስም የለውም ይባላል። እልፍ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ማለት እንጂ ልክ ያለው ቁጥር አይደለም ይባላል። ስለዚህም ሚሊዮን፣ ቢሊዮንና ትሪሊዮን ባዶ የነበረውን ቦታ ሊሞሉ ገቡ፤ ደግሞም በዓለም ሁሉ አንድ ትርጉም ያላቸው፣ ዘመናዊና የማያሳስቱ ቃላት ናቸው ይባላል። ይህ አስተያየት በጣም ከመለመዱ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው አይገኝም። ሲመረመር ግን አንዱም ክፍል አይቆምም።

በመጀመሪያው ይጀመር። የግዕዝ አኃዝ ቅርጹን ያገኘው ከግሪክ ፊደላት ነው፤ ግሪኮች በፊደሎቻቸው ይቆጥሩ ነበርና። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች የተማረከውን ሰውና የተነዳውን ከብት በዚሁ አኃዝ ዘርዝረዋል። እልፍ የሚለው ስም ግን የግሪክ አይደለም። በዕብራይስጥና በዓረብኛ ያሉት ዘመዶቹ 1,000ን ሲጠሩ በግዕዝ ቃሉ ወደ 10,000 ከፍ ብሏል፤ ግዕዝ 1,000ን የሚጠራው «ዐሠርቱ ምእት»፣ አሥር መቶ ብሎ ነው። አማርኛ በበኩሉ ሺን ይዞ እልፍንም አላጣም። ግዕዝ በሐረግ የሚጠራውን ሺ አማርኛ በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ዕብራይስጥና ዓረብኛ በሺ ላይ የተዉትን ቃል ደግሞ ለ10,000 አቆይቶታል። ሁለቱንም የያዘ ቋንቋ በቁጥር ስም ድሃ የሚባልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ክስ፣ እልፍ «የማይቆጠር» ማለት ነው የሚለው፣ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋውና ከሁሉ ይልቅ ደካማው ነው። አንድ ቃል ልክ ያለው ቁጥርም የብዛት መግለጫም መሆኑ በአማርኛ የተለመደ ነገር ነው። እናት ልጇን «ሺ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ስትል አንድ ሺ ጊዜ መናገሯን ማንም አይቆጥርም፤ ሺ 1,000 መሆኑ ቀርቷል የሚልም የለም። «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ» ያለችው ድመትም ላሞቹን አልቆጠረችም። «ሚሊዮን ጊዜ ደወልኩልህ» የሚል ሰው ባንክ ቤት ሲገባ ሚሊዮን ስድስት ዜሮ ያለው ቁጥር መሆኑን አይዘነጋም። በልማድ ንግግር ውስጥ ለብዛት መግለጫ ስለዋለ ብቻ ከቁጥርነቱ የተሻረው እልፍ ብቻ ነው። ሕጉ ለሁሉም የሚሠራ ከሆነ ሺም ሚሊዮንም አብረው መሻር ነበረባቸው።

ግሪኮችም ይኸው ነገር ገጥሟቸው ነበር። 10,000ን የሚጠሩበት ቃል «እጅግ ብዙ» ማለትም ነበር፤ የኋላ ሰዋስው ሊቃውንት ሁለቱን የለዩት ድምፁ በሚጠብቅበት ቦታ ነው። ይህ መንታ ትርጉም ግን የሰራኩሱን አርኪሜዴስን አላገደውም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለንጉሥ ጌሎን በጻፈው የአሸዋ ቆጠራ ድርሳኑ አርኪሜዴስ የተቃወመው አንድን የሕዝብ አስተያየት ነው፤ የአሸዋ ብዛት አይቆጠርም፣ ቢቆጠርም ስም አይገኝለትም የሚለውን። መሠረት ያደረገውም ይህንኑ «የማይቆጠር» የተባለ ቃል ነው። 10,000ን በ10,000 አባዝቶ እልፍ እልፍን አገኘ፤ እርሱን እንደ አዲስ አንድ ቆጥሮ እንደገና ወጣ። በዘመኑ በታሰበው እጅግ ሰፊ የሰማይ ልክ ዓለም ሁሉ በአሸዋ ቢሞላ፣ የአሸዋው ፍሬ ከ1 ቀጥሎ 63 ዜሮ ካለው ቁጥር እንደማይበልጥ አሳየ። ይህ ታላቅ የቁጥር ስያሜ ሥራ የተሠራው በእልፍ ነው ማለት ነው። የግሪኩ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የቁጥርነቱ ትምህርት ተቋረጠበትና ዛሬ ለአብዛኛው ተናጋሪ «በርካታ» ማለት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እልፍም ወደዚያው እየተገፋ ነው፤ የሚገፋው ግን ቋንቋው ሳይሆን የማያስተምረው ትምህርት ቤት ነው።

የሰው ስምም ይህን ታሪክ ይዟል። ወላጆች ለልጃቸው ብዛትንና በረከትን ሲመኙ የሚያውቁትን ትልቅ ቁጥር ይሰጣሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ የሺመቤት ነበሩ፤ ሺፈራውና ሺበሺም የዚሁ ሐረግ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ባዶ አይደለም፤ እልፍነሽ አለች። ሚሊዮንም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የወንድ ስም ሆኖ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ5,000 ሜትር ወርቅ ያመጣው ሚሊዮን ወልዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቶኪዮን የሴቶች ማራቶን ያሸነፈችው ደግሞ እልፍነሽ ዓለሙ ናት፤ ያሸነፈችውም 10,000ን እስከ ዛሬ በአንድ ቃል በሚጠራ፣ ደመወዙንም የቤት ዋጋውንም በዚያ በሚቆጥር ሕዝብ ፊት ነው። ስሙን የሚያወጣው የአገሬው ሰው ሦስቱንም ደረጃ ያውቃል፤ መካከለኛውን የዘለለው የትምህርት መጽሐፉ ነው።

የአገሬው ትምህርት ትልቅ ቁጥር አያውቅም የሚለው ክስ በባሕረ ሐሳብም ይፈርሳል። የመንዝና የመርሐቤቴ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሌላው አገር ሁሉ ጾምና በዓላቸውን የሚያውሉት በዚህ ስሌት ነው። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንድ ካልዒት 60 ሣልሲት፤ እንዲህ እየተከፈለ በራብዒትና በኃምሲት አልፎ ሳድሲት ይደርሳል። ዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው። 15ቱ ኬክሮስ በአራት ዓመት 60 ሞልተው ጳጉሜንን 6 ያደርጓታል፤ ስድስቱ ካልዒት ደግሞ በ600 ዓመት አንድ ዕለት ይሞላሉ። የመጨረሻዋን ክፍል ወደ ላይ መልሶ የሚያባዛ ሰው በአንድ ዕለት ውስጥ 46,656,000,000 ሳድሲት ያገኛል፤ ይኸውም 466 እልፍ እልፍ ከ5,600 እልፍ ነው። ዕለትን ከ46 ቢሊዮን በላይ አድርጎ የከፋፈለና ለየክፍሉ ስም ያወጣ ትምህርት ከሺ በላይ መቁጠር አይችልም ማለት የሚቻለው ትምህርቱን ላልከፈተው ሰው ብቻ ነው።

ትልቅ ቁጥር ስም ብቻ ሳይሆን መጠንም ስለሚፈልግ ነገሩን ወደ ገበያ ማውረድ ይጠቅማል። ለምሳሌ የዓለም ከተማ ገበያ ይወሰድ። ከተማዋ፣ የመርሐቤቴ ዋና ከተማ፣ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ባለ አምባ ላይ ትገኛለች።  ቆላው ማሽላና ማሾ፣ ደጋና ወይና ደጋው ጤፍ ያበቅላል። ከእነዚህ ሁሉ ለቁጥር የሚመቸው ጤፍ ነው፤ ከሰው እህል ሁሉ ትንሿ ፍሬ የእርሱ ናትና። አንድ ግራም ጤፍ 3,000 ገደማ ፍሬ ይይዛል። በዚህ ሒሳብ እልፍ ከሦስት ግራም ጥቂት ይበልጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። «ስፍር ቁጥር የሌለው» የተባለው ቁጥር ጤፍ የምታበጥር ሴት ጥራቱን ልታይ በጣቶቿ ቆንጥራ መዳፏ ላይ የምታደርገው ያህል ነው።

እልፍ እልፍስ? 33 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ሰው በጀርባው ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው ጤፍ ነው። አንድ ኩንታል ሦስት እልፍ እልፍ ፍሬ ይዟል። ይህ መጠን በእጅ የሚዳሰስ፣ በትከሻ የሚታወቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ተተከለ ተብሎ በይፋ የተነገረው ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በፍሬ ቢተካ ከአንድ ኩንታል ጥቂት ያልፋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ በግዕዝ አኃዝ ፯፻፵፼፼፣ 740 እልፍ እልፍ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አንዲት የጤፍ ፍሬ ቢሆን 247 ኩንታል ገደማ ይወጣዋል።

አሁን ቢሊዮንና ትሪሊዮን ይነጻጸሩ። ቢሊዮን ፍሬ ሦስት ኩንታል ከሢሶ ነው፤ አራት አህያ ይበቃዋል። ትሪሊዮን ፍሬ 3,333 ኩንታል ነው፤ 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና ቢገኝ ስምንት መኪና ሞልቶ ይተርፋል። በአራት አህያና በስምንት ባለ ተሳቢ መካከል ያለው ልዩነት በጆሮ ሲሰማ የሁለት ፊደላት ለውጥ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ቃላቱ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ፤ በአንድ ዜማ ያበቃሉ። የ2017 የፌዴራል መንግሥት በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በሰኔ 2017 የጸደቀው የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። በቁጥሩ እጥፍ ገደማ የሆነው ነገር በስሙ ግን አንድ ሺ ጊዜ የተባዛ ወይም ከ971 ወደ 1.93 የወረደ ይመስላል። በእልፍ ሲነገር የመጀመሪያው 9,712 እልፍ እልፍ፣ ሁለተኛው 19,300 እልፍ እልፍ ነው። አንድ መስፈሪያ፣ ሁለት ልክ፤ አድማጩ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ያነጻጽራል። ዜጋ የአገሩን በጀት እንዲረዳ የሚፈለግ ከሆነ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ሦስተኛው ክስ፣ የሚሊዮን ቤተሰብ ዘመናዊና የማያሳስት ነው ወደሚለው ሲዞር፣ የቃላቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ሚሊዮን ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ትልቅ ሺ» ነው። የመካከለኛው ዘመን የጣልያን ነጋዴዎች ከሺ በላይ ስም ባጡ ጊዜ ሺ የሚለውን ቃል ጭራ ቀጥለው አሳበጡት። እልፍ ያለው ቋንቋ እልፍ ያልነበረው ቋንቋ የፈጠረውን ማሟያ ተበድሮ ራሱን ድሃ ብሎ መጥራቱ የሚያሳዝን ነው። ቢሊዮንና ትሪሊዮንን በሥርዓት ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ኒኮላ ሹኬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1484 በጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ። በእርሱ ሥርዓት ቢሊዮን ሁለት ጊዜ የተባዛ ሚሊዮን፣ 12 ዜሮ ነው፤ ትሪሊዮን ሦስት ጊዜ የተባዛ ሚሊዮን፣ 18 ዜሮ ነው። በቃላቱ መነሻ ያሉት የላቲኑ «ሁለት» እና «ሦስት» ትርጉም ነበራቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን አንዳንድ የፈረንሳይ ሒሳብ ጸሐፊዎች ቁጥሩን በሦስት በሦስት ዜሮ ከፍለው ቢሊዮንን ወደ ዘጠኝ፣ ትሪሊዮንን ወደ 12 ዜሮ አወረዱት። አሜሪካ ይህን ያዘች። ብሪታኒያ የቀድሞውን ይዛ ቆየች፤ በታኅሣሥ 1974 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን መንግሥታቸው በአሜሪካው ልማድ እንደሚሠራ ለፓርላማው አሳወቁ። ፈረንሳይ ራሷ አዙራ ወደ ሹኬ ተመለሰች። ጀርመንና የስፓንኛ ተናጋሪ አገሮች ከሹኬ አልወጡም፤ እነርሱ ዘንድ ቢሊዮን እስከ ዛሬ 12 ዜሮ አለው። ስለዚህ ኢትዮጵያ በተበደረችው አቆጣጠር ትሪሊዮን ውስጥ ያለው «ሦስት» ምንም አይቆጥርም፤ ሦስት ሚሊዮን አልተባዛም፣ ሦስት ሺም አልተባዛም። እልፍ እልፍ እልፍ ግን ሦስት ሲባል ሦስት ነው።

ይህ ልዩነት ለዓለም ከተማ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዋ በሙኒክ አቅራቢያ ካለችው ከፋተርሽቴተን ጋር ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከተማ ወዳጅነት ተሳስራለች፤ በካርልሃይንስ በም የተመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅትም በመርሐቤቴ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፤ የእናት ሆስፒታልም የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። በፋተርሽቴተን ያለ ጀርመናዊ ስለ ኢትዮጵያ በጀት ሲያነብ የሚያገኘው 1.93 ቢሊዮን የሚል ቃል ነው፤ በጀርመንኛ ትክክል ነው፣ 12 ዜሮ አለው። ያንኑ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቃሉን እንዳለ ቢያሳልፈው በጀቱ በአንድ ሺ እጅ ይቀንሳል። በተቃራኒው የግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዳለ ወደ ጀርመንኛ ቢሻገር አንድ ሺ ጊዜ ይበዛል፤ ጀርመኖች ለዘጠኝ ዜሮ ሚልያርደ የሚል ሌላ ስም አላቸውና። ፊደሉ ተመሳሳይ፣ ድምፁ ተመሳሳይ፣ ልኩ ግን አንድ ሺ እጅ የሚራራቅ ቃል «ዓለም አቀፍ» ሊባል አይገባውም። በአማርኛም ቢሆን ቃሉ ገና አልረጋም፤ በአንድ ጋዜጣ ላይ ሚሊዮንና ሚሊየን፣ ቢሊዮንና ቢሊየን ጎን ለጎን ይታተማሉ።

የዘመናዊ ንግድና ሳይንስ ጉዳይ ሌላው መከራከሪያ ነው፤ ዓለም በሺ እርከን እየሄደ በእልፍ መቁጠር ወደ ኋላ መቅረት ነው ይባላል። ቻይና፣ ጃፓንና ኮርያ ግን የሚቆጥሩት በእልፍ ነው። ለ10,000 አንድ ስም አላቸው፤ ለእልፍ እልፍ ሌላ ስም አላቸው፤ የአክሲዮን ገበያቸውም፣ የመንግሥት በጀታቸውም፣ የሕዝብ ቆጠራቸውም በዚህ ይነገራል። ከዓለም ታላላቅ ኢኮኖሚዎች መካከል መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ሕንድ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ መንገድ አላት፤ ለ100,000 ላክ፣ ለ10,000,000 ክሮር ብላ የፌዴራል በጀቷን በዚያ ታሳትማለች። የሳይንሱን ወገን በተመለከተ የአሜሪካው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት ለትላልቅ ቁጥሮች የተሻለ ስያሜ ሊያበጅ ተነስቶ የመረጠው መሠረት 10,000 ነው። ቀጣዩን አዲስ ስም ያስቀመጠው በእልፍ እልፍ ላይ ነው፤ ከዚያም በእልፍ አራት ጊዜ፣ 16 ዜሮ ላይ። ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ ብቻ አዲስ ስም ስለሚያስፈልግ በጥቂት ቃላት እጅግ ሩቅ ይደረሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታሰበበት ይህ ዕቅድ ፼ እና ፼፼ ላይ ቆሞ መጀመሩ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚነግረው ነገር አለ። ከ1 ቀጥሎ 100 ዜሮ ያለው ጉጎል የተባለው ቁጥር ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ከኤድዋርድ ካስነር የእህት ወይም የወንድም ልጅ፣ ከአንድ ሕፃን አፍ ነው። ዓለም ለትልልቅ ቁጥሮች ስም የሚያወጣው እንዲህ ባለ መንገድም ጭምር ከሆነ፣ የሺ ዓመት ታሪክ ያለው ስም በዘመናዊነት ሰበብ የሚገፋበት ምክንያት አይታይም።

የእልፍ ወዳጆችም የሚስቱት ነገር አለ፤ እርሱም ሳይነገር መቅረት የለበትም። በአንዳንድ የግዕዝ መማሪያ መጻሕፍትና ሰንጠረዦች እልፍ 10,000፣ አእላፍ 100,000፣ አእላፋት 1,000,000፣ ትእልፊት 10,000,000፣ ትእልፊታት 100,000,000፣ ምእልፊት 1,000,000,000 ተብለው ተደርድረዋል። ይህ ዝርዝር ግዕዝ እስከ ቢሊዮን ስም እንዳለው ለማሳየት በኩራት ይጠቀሳል፤ ኩራቱ ተገቢ ነው፣ ለዕለት ሥራ ግን አይረዳም። አእላፍ የእልፍ ብዙ ቁጥር ነው፤ አእላፋት ደግሞ የብዙው ብዙ ነው። ጆሮ በአእላፍና በአእላፋት መካከል ያለውን ልዩነት ሲያደበዝዝ ሒሳቡ አሥር እጥፍ ይሳሳታል። በየአሥሩ አዲስ ስም የሚጠይቅ መሰላልም በስድስት እርከን ያልቃል፤ ትሪሊዮን ላይ ሲደረስ ዝም ይላል። በቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ አእላፋት የመላእክት ሠራዊት ብዛት የሚገለጽበት ቃል ነው፤ በዚያ ክብሩ ቢኖር ይሻለዋል። ለቆጠራ የሚያስፈልገው እልፍና ድግግሞሹ ብቻ ነው፤ አኃዙ ራሱ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው።

ሚሊዮንን ከአማርኛ ማባረር አያስፈልግም፤ አይቻልምም። ቃሉ በገበሬው አፍ ገብቷል፣ የሰው ስም ሆኗል፣ በውልና በፍርድ ሰነድ ላይ ተጽፏል። ከእልፍ ጋር ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል፤ መቶ እልፍ ሚሊዮን መሆኑን ያወቀ ተማሪ ሁለቱንም ያውቃል። ተቃውሞው የሚነሳው ቢሊዮንና ትሪሊዮን ሳይብራሩ እንደ ብቸኛ ስም ሲሾሙና እልፍ ከቁጥር ተርታ ሲወጣ ነው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ለስሌት አይመችም የሚለው መልስም እዚህ ቦታ የለውም፤ የተጠየቀው የምልክቱ መመለስ ሳይሆን የስሙ ነው። 25 እልፍ ብሎ በዛሬው አኃዝ መጻፍ የሚከለክል ሕግ የለም። በዓለም ከተማ ገበያ አንድ በሬ በ80,000 ብር ቢሸጥ ስምንት እልፍ ብር ነው፤ ከሰማንያ ሺ ያጥራል፣ ለጆሮም ይቀላል። የዛሬው ኑሮ አብዛኛው ዋጋ፣ የመሬት ኪራዩም፣ የቤት ግንባታውም፣ የጥሎሹም ወጪ፣ የሚያርፈው ልክ በእልፍ ቤት ውስጥ ነው፤ ገንዘቡ ራሱ ወደ እልፍ ደረጃ ወጥቶ ስሙን እየጠበቀ ነው።

መደረግ ያለበትም ጥቂት ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ተማሪውን አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት፣ ሺ ቤት ብሎ ካደረሰው በኋላ «አሥር ሺ ቤት» የሚለውን «እልፍ ቤት» ብሎ ይጥራው፤ በቅንፍም አሥር ሺ ይበል። ጋዜጠኛ ቢሊዮንና ትሪሊዮን በአንድ ዜና ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱንም በአንድ መስፈሪያ ያስቀምጥ። ከጀርመንኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከስፓንኛ የሚተረጉም ሰው የዜሮውን ብዛት ሳይቆጥር ቢሊዮን የሚል ቃል አያሳልፍ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው በእልፍ ሥር መጀመሪያ ልኩን፣ ቀጥሎ «እጅግ ብዙ» የሚለውን ያኑር፤ ሺንና ሚሊዮንን በሚያኖርበት ሥርዓት።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ቃል መፍጠር፣ ጉባኤ መጥራት ወይም አዲስ ፊደል መቅረጽ አያስፈልግም። ምልክቱ ኢትዮጵያውያን በሚይዙት ስልክ ላይ ካለው የግዕዝ ፊደል ጋር አብሮ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው የዩኒኮድ እትም ከሌሎቹ የግዕዝ አኃዞች ጋር ገብቷል። በዚያ ዓለም አቀፍ መዝገብ ፼ የሰፈረበት ስም የኢትዮጵያ ቁጥር አሥር ሺ የሚል ነው።